ከመጠምጠም መማር ይቅደም፦ የመጀመሪያውን ስሕተት ማን ይሸከም?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዊንጌት ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ትምህርት ቤቱም የተሰየመው በጣሊያን ወረራ ፍጻሜ ከኢትዮጵያ አርበኞች ጋር በተሰለፈው በእንግሊዛዊው መኰንን በኦርድ ዊንጌት ስም ነው። ዛሬ ግቢው የቴክኒክና የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ ሆኗል። ከዚያ በእግር ሲጓዙ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል። ይህም ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ዓመት በተከበረበት ዘመን፣ የሕክምና ኮሌጅ ጭምር ሆኖ ሐኪሞችንና ነርሶችን ያስተምራል።

በእነዚህ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። ብየዳ የሚማር ወጣት የመጀመሪያውን ብረት አጣሞ ቢበይደው ብረቱ ወደ ውዳቂው ክምር ይመለሳል፤ መምህሩም ይገሥጸውና በማግሥቱ ሌላ ብረት ይሰጠዋል። ነርስነት የምትማር ወጣት የመጀመሪያውን መርፌ ስታጣምም ግን የምታጣምመው በማን ክንድ ላይ ነው? የሰው ክንድ ወደ ውዳቂ ክምር አይመለስም። ይህ ጥያቄ ሲያዩት የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ያለ ስሕተት መማር የለም፤ ስሕተትም ሁሉ የሚሸከመው ሰው አለው። እንግዲህ የተማሪን የመጀመሪያ ስሕተት ማን ይሸከም?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ጥምጥም የሊቅነት ምልክት ስለሆነ፣ ምልክቱ ከዕውቀቱ መቅደም የለበትም ማለታቸው ነው። ነጭ ጋዋንም በዘመናችን እንደ ጥምጥም ያለ ነገር ነው። የለበሰው ሰው ያውቃል ብለን ክንዳችንን እንዘረጋለታለን። ምልክቱን አምነን የዘረጋነው ክንድ የመማሪያ ሰሌዳ ሆኖ ሲገኝ ግን ምን እንላለን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ የቁምስናችን እናት ታመው ከዚህ ሰፈር ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልንጠይቃቸው ሄደን ነበር። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፤ የምንናገረው ነገር በብዙ ቦታ የሚሆን ነውና። ጉሉኮስ ሊተከልላቸው አንዲት ወጣት ተማሪ መጣች። እጅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ጊዜ ወጋች፣ ደም ሥሩ አመለጠ፤ ሁለተኛ ወጋች፣ አበጠ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሙከራም አልተሳካም። በአጠገቧ የቆመ አስተማሪ አልነበረም። ክንዳቸው እየጠቆረ ሲሄድ እኛ ልንቆጣ ስንነሣ፣ እኚያ እናት በሌላው እጃቸው ዝም በሉ አሉንና ወደ ልጅቱ ዞረው «አይዞሽ ልጄ፤ ተማሪብኝ» አሏት። ልጅቱ ዕንባዋ መጣ፤ እኛም አንገታችንን ደፋን።

ያን ቃል ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስበነዋል። በአንድ በኩል ሲታይ ታላቅ ምጽዋት ነው። ገንዘብ የሌላት አሮጊት ያላትን አንድ ክንድ ለማታውቃት ልጅ ትምህርት ሰጠች፤ ነገ በዚያች ልጅ እጅ የሚድኑ ሕሙማን ሁሉ የዚህች እናት ባለዕዳዎች ናቸው። በሌላ በኩል ሲታይ ግን ያሳፍራል። እኚያ እናት አይሆንም ማለት እንደሚችሉ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ልጅቱም ተማሪ መሆኗን አልተናገረችም፤ እርሳቸው ከእጅዋ መንቀጥቀጥ ዐወቁት እንጂ። በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ስጦታ የሚሆነው መከልከል የሚቻል ሲሆን ነው። መከልከል በማይቻልበት ቦታ የሚሰጠው ግን፣ ሰጪው በመልካም ልብ ቢቀድሰውም፣ ለተቀባዩ ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህም በላይ የምናስተውለው ነገር አለ። ተማሪዎች የሚማሩት በአብዛኛው በመንግሥት ሆስፒታሎች ነው፤ ወደዚያ የሚሄደውም በአብዛኛው ከፍሎ መታከም የማይችለው ወገናችን ነው። ባለጸጋው በግል ክሊኒክ በልማደኛ እጅ ይታከማል፤ ያ ልማደኛ እጅ ግን የለመደው በድሃው ገላ ላይ ነው። ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በአገራችን የጤና ትምህርት ቤቶችና የተማሪዎቻቸው ቁጥር እጅግ በዝቷል፤ ይህም ለሕዝባችን ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ተማሪዎችም በዙ። ስለዚህ ጥያቄያችን በዘመናችን ቀለለ ሳይሆን ከበደ ማለት ይቻላል።

ይህን ሸክም ከሕመምተኛው ትከሻ ለማውረድ ያሰቡ መምህራን ከጥንት ጀምሮ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል የአንዲቱን ታሪክ ለአንባብያን ብናቀርብ ደስ ይለናል። አንጀሊክ ዱ ኩድሬ ትባላለች፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ አገር የኖረች አዋላጅ ናት። በፓሪስ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1740 የአዋላጅነት ፈቃድ ከተቀበለች በኋላ፣ በ1750ዎቹ ወደ ገጠሩ ወደ ኦቨርኝ ክፍለ ሀገር ሄደች። በዚያም እናቶችና ሕፃናት ባልተማረ እጅ ሲጎዱና ሲሞቱ አየች። የገጠር ሴቶችን ላስተምር ብትል አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ከወላድ አጠገብ አቁሜ ላሳይ ብትል ደግሞ የምትወልደው ሴት የትምህርት ዕቃ አይደለችም።

ስለዚህ ከጨርቅ፣ ከቆዳና ከጥጥ የወላድን የታችኛውን አካል የሚመስል መሣሪያ ሠራች፤ በውስጡም ከጨርቅ የተሰፋ ሕፃን አስገባች። ቆይታም ውሃና ደም የሚመስል ነገር የነከረ ስፖንጅ ጨመረችበት፤ ተማሪዎቹ የደም መፍሰስን መልክ እንዲያውቁ ነው። ሕፃኑ በጎን ሲመጣ፣ በእግሩ ሲመጣ፣ እትብቱ ሲቀድም ምን እንደሚደረግ ሴቶቹ በገዛ እጃቸው ደጋግመው ይሠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1759 ንጉሡ ሉዊ 15ኛ በመንግሥቱ ሁሉ እየተዘዋወረች እንድታስተምር ፈቃድ ሰጣት። እርሷም እስከ 1783 ድረስ ከከተማ ወደ ከተማ እየሄደች፣ በየቦታው ሁለት ወር ያህል እየተቀመጠች አስተማረች። ተማሪዎቹን መርጠው የሚልኩላት ብዙውን ጊዜ የየመንደሩ ቆሞሳት ነበሩ። ያስተማረቻቸው ሴቶች ከ4,000 በላይ እንደሚሆኑ ይገመታል። ከሠራቻቸው መሣሪያዎች አንዱ እስከ ዛሬ ድረስ በፈረንሳይ አገር በሩዋን ከተማ ቤተ መዘክር ይታያል።

በዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ አንድ ትልቅ አሳብ እናያለን። ስሕተትን ከዓለም ማጥፋት አልቻለችም፤ ማንም አይችልም። ነገር ግን ስሕተቱን ከሥጋ ወደ ጨርቅ አዛወረችው። ጨርቅ ሊቀደድ ይችላል፤ ተመልሶም ይሰፋል።

ከእርሷ በኋላ የተነሡት በዚሁ መንገድ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ አገር የሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ አሻንጉሊት በመሥራት የታወቀችውን ማርታ ቼዝን በሰው ቁመት የሚሆን አሻንጉሊት እንድትሠራላቸው ጠየቁ። «ሚስስ ቼዝ» የተባለችው ይህች አሻንጉሊት ለብዙ ዓመታት የነርስ ተማሪዎች ሲያገላብጧት፣ ሲያጥቧትና አልጋዋን ሲያነጥፉላት ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ አዝሙንድ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ የመጫወቻ ዕቃ ሠሪ፣ ትንፋሹ የቆመን ሰው ለማዳን የሚለማመዱባትን አሻንጉሊት ሠራ። ይህ ሰው አስቀድሞ የገዛ ትንሽ ልጁን ከውሃ አውጥቶ ያዳነ አባት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህም አራስ ሕፃናትን ለማስተንፈስ የሚሰጠው ትምህርት በብዙ አገሮች፣ በእኛም አገር ጭምር ተሰራጭቷል። የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ለብ ያለ ውሃ ሲሞላ የአራስ ያህል ይከብዳል፤ መምህሩ በእጁ ሲጨምቅለት ያለቅሳል፣ ይተነፍሳል፣ እትብቱም ይመታል። ተማሪዋ የሚጠበቅባት አንዲት ነገር ናት፦ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ወይ ራሱ ይተነፍሳል፣ ወይ እርሷ ታስተነፍሰዋለች። ይህችን ደቂቃ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይሏታል።

በአገራችን የነርስነት ትምህርት ታሪክ ረጅም አይደለም፤ ግን የሚያኮራ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1939 ነርስ ሆነው ተመረቁ። ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚሁ ሙያ ለማገልገል ሲያስቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ገና በ22 ዓመታቸው በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል፣ ዛሬ ለጦር ኃይሎች የሚያገለግለው፣ ነርሶችን ያስተማረም ነበር። የቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ሌሎችም እንዲሁ ነርሶችን አስተምረዋል፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን በወሊሶ በቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ነርሶችና አዋላጆች ይማራሉ። የንጉሥ ልጅ፣ ያውም ነርስ የነበረች፣ በወሊድ ዕድሜዋ መቀጠፏ አንድ ነገር ያስታውሰናል፦ በዚያች ሰዓት በአጠገብ የሚገኘው እጅ የለመደ መሆን አለመሆኑ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዊንጌት አካባቢ የሚኖሩ አንዲት በጡረታ ላይ ያሉ የነርሶች መምህርት እናውቃለን። ሰፈርተኛው «ሲስተር» ይላቸዋል። በእኛ ዘንድ ይህ ስም ለደናግልም ለነርሶችም የሚነገር ስለሆነ ገዳማዊት ናቸው ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ እርሳቸው ግን ባለትዳርና የልጆች እናት ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል። ወጣት ሳሉ የተማሩት «አንዴ እዩ፣ አንዴ ሥሩ፣ ከዚያ አስተምሩ» በሚለው በቀድሞው ልማድ ነበር። የመጀመሪያውን መርፌ የወጉት አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ሲሆን፣ የዚያን ልጅ ጩኸት እስከ ዛሬ እንደሚሰሙት ነግረውናል። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መንገድ ስፈልግ ኖርሁ፤ መጀመሪያ ብርቱካን ነበር፣ በኋላ አሻንጉሊት መጣ» ይላሉ።

የእርሳቸው የማስተማር ሥርዓት እንዲህ ነበር። በመለማመጃው ክፍል ውስጥ አልጋ ይነጠፋል፤ አሻንጉሊቱ አንሶላ ይለብሳል፤ ስምና ዕድሜ ይሰጠዋል፤ ከወዴት እንደመጣ፣ ማን እንዳስታመመው ይነገራል። ወደ አልጋው የምትቀርብ ተማሪ አስቀድማ እጅዋን ትታጠባለች፤ ከዚያም «እንደምን አደሩ፣ እኔ ተማሪ እገሊት ነኝ፣ መርፌ ልወጋዎ ነበር፣ ይፈቅዱልኛል?» ብላ ካልጠየቀች አሻንጉሊቱን መንካት አይፈቀድላትም። አዲስ ተማሪዎች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይሥቃሉ፤ እርሳቸው ግን አይሥቁም፤ እስኪበቃቸው ይጠብቃሉ። የወሊድ ትምህርት ሲሆን ደግሞ ልብስ መሰል መሣሪያውን ራሳቸው ታጥቀው እንደ ወላድ ያምጣሉ፤ ተማሪዋም የሚፈሰውን ቀይ ውሃ አይታ ማኅፀኑን በእጅዋ እያሸች፣ መድኃኒቱን እያዘዘች፣ ለወላዷም የሚያጽናና ቃል እየተናገረች ትሠራለች። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የደም መፍሰስ እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ዋነኛው ስለሆነ፣ ይህን ትምህርት በዓመት ውስጥ ደጋግመው ያሠሩት ነበር።

ልምምዱ ሲያልቅ ትምህርቱ አያልቅም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ይጀመራል ይላሉ። ሁሉም ክብ ሠርተው ይቀመጡና ሦስት ጥያቄ ይጠየቃሉ፦ ምን አያችሁ? ያን ጊዜ ምን አሰባችሁ? አልጋው ላይ የነበረው ሰው ምን የተሰማው ይመስላችኋል? የተሳሳተ አይሰደብም፤ በዚያ ክፍል የሆነውም ከክፍሉ አይወጣም። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ዘግይታ አሻንጉሊቱ ሕፃን «ሞተ»፤ ልጅቱም እውነተኛ ዕንባ አለቀሰች። መምህርቷ ይህን ሲነግሩን «ተማሪን ለማዋረድ ብዬ ማንንም አልገድልም፤ ያን ቀን ግን ያለቀሰችው ልጅ ኋላ በእውነተኛ ሕፃን ላይ አልዘገየችም» አሉ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ይህን መንገድ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ፤ ሦስቱም ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው።

መጀመሪያ፣ «ማስመሰል ውሸት አይደለምን? ክርስቲያንስ ሊያስመስል ይገባዋልን?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ በሱማ ቴዎሎጂካ ማስመሰል ሁሉ ኃጢአት እንደሆነና እንዳልሆነ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቶ መርምሮታል። እርሱ እንደሚያስረዳው፣ በቃል የሚነገር ውሸት እንዳለ ሁሉ በሥራ የሚነገር ውሸት አለ፤ ይኸውም ሰው በውስጡ የሌለውን በውጭ ምልክት አሳይቶ ሌላውን ሲያታልል ነው። ነገር ግን ጌታችን በኤማሁስ መንገድ ወደ ሩቅ የሚሄድ መስሎ እንደታየ በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል የተጻፈውን አንሥቶ፣ የቅዱስ አውግስጢኖስንም ትምህርት ተከትሎ፣ አንዳች እውነት ለማመልከት የሚደረግ ምሳሌ ውሸት ሳይሆን የእውነት ጥላ መሆኑን ያስተምራል። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው በመለማመጃው ክፍል የሚታለል ማንም የለም። ተማሪው ጨርቅ መሆኑን ያውቃል፤ መምህሩም ያውቃል።

እንዲያውም ነገሩን ገልብጠን ማየት ይገባናል። በሥራ የሚነገረው ውሸት ያለው ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ነው። ያልለመደ ሰው የለመደውን ሰው ልብስ ለብሶ፣ ማንነቱን ሳይናገር፣ በሚያምነው ሰው ገላ ላይ ሲለማመድ በውስጡ የሌለውን በውጭ ማሳየቱ ነው። አሻንጉሊቷን «ይፈቅዱልኛል?» ብላ የምትጠይቀው ተማሪ ስታስመስል እውነት ትማራለች፤ ያቺ አሮጊት ክንዳቸውን ሲዘረጉ ተማሪ መሆኗን የደበቀችው ወጣት ግን፣ በእውነተኛ መርፌና በእውነተኛ ደም መካከል ቆማ ታስመስል ነበር። በደሉም ከእርሷ ይልቅ ብቻዋን የላኳት ሰዎች ነው።

ሁለተኛ፣ «ርኅራኄ በልምምድ አይገኝም፤ ከልብ የሚወጣ ነው፤ ለአሻንጉሊት የሚነገር ደግ ቃል ባዶ ነው» ይላሉ። ይህ ንግግር መልካም ይመስላል፤ የሰውን ጠባይ ግን አያውቅም። በጎ ምግባር ልማድ እንደሆነ፣ ልማድም በመደጋገም እንደሚጸና ከአርስጣጣሊስ እስከ ቅዱስ ቶማስ ድረስ ያሉ ሊቃውንት አስተምረዋል። ሕፃን ልጅ ትርጉሙን ሳያውቅ እጁን አጣምሮ ማማተብን ይማራል፤ ትርጉሙ ኋላ ይመጣል፤ ሲመጣም ማደሪያ ተዘጋጅቶ ያገኛል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ከቆጠረ በኋላ አስቀድሞ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ አቃንቶለት ነው በማኅበር ፊት የሚቀርበው። ለክህነት የሚዘጋጅ ወጣትም ያልተቀደሰ ኅብስትና ባዶ ጽዋ ይዞ ሥርዓተ ቅዳሴውን ይለማመዳል። ያ ልምምድ ቅዳሴ አይደለም፤ ማንም ቅዳሴ ነው አይልም፤ ነገር ግን ቅዳሴን ማክበር ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎቻችን ይህን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ካህን በሌለበትና ሞት በሚያሰጋበት ሰዓት ምእመን ሊያጠምቅ እንደሚችል ስናስተምር፣ ውሃው እንዴት እንደሚፈስና ቃሉ እንዴት እንደሚነገር በአሻንጉሊት ላይ አሳይተን እናውቃለን። በዚያ አሻንጉሊት ላይ ጥምቀት አልተፈጸመም። ነገር ግን አንድ ሌሊት፣ በአንድ ቤት፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሕፃን በፊታችን ቢሆን፣ እጃችን የሚታዘዘን ያን ቀን ስለለመደ ነው። የፈራ ልብ አዲስ ነገር አያስብም፤ የለመደውን ይሠራል። ነርሲቱም በሦስት ሰዓት ሌሊት፣ ደክሟት፣ አሥር ሕሙማን ሲጠሯት፣ ደግ ቃል ከአፏ የሚወጣው ሳትደክም የለመደችው ከሆነ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበረታል። «አሻንጉሊት አይታመምም፣ አይፈራም፣ አያፍርም፤ ከእርሱ ጋር ብቻ የኖረች ተማሪ ሰውንም እንደ አሻንጉሊት ማየት ትጀምራለች» የሚለው ነው። ይህን አንክድም። ገበሬ ወይፈን ሲያቀና ከልማደኛ በሬ ጋር ይጠምደዋል፤ በባዶ ሜዳ ብቻውን እየነዳ አያርስበትም። ተማሪም በመጨረሻ ከልማደኛ ነርስ ጎን ቆማ፣ ከሕያው ሰው አልጋ አጠገብ መማር አለባት። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አገር በ10 የነርሶች ትምህርት ቤቶች ከ600 የሚበልጡ ተማሪዎችን የተከታተለ አንድ ትልቅ ጥናት ታትሞ ነበር። በእርሱም መሠረት፣ በሕሙማን ዘንድ ከሚደረገው ልምምድ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን በደንብ በተዘጋጀ አስመስሎ መለማመድ የተኩ ተማሪዎች በችሎታ ከሌሎቹ አላነሱም። ጥናቱ ግማሹን አለ እንጂ ሁሉንም አላለም፤ በደንብ የተዘጋጀ አለ እንጂ እንደ ነገሩ የሆነ አላለም። አሻንጉሊቱ የሰውን ቦታ የሚወስድ ሳይሆን ወደ ሰው የሚያደርስ ደጅ ነው። ከደጅ የቀረ ቤት አልገባም፤ ደጁን የዘለለም እንደ ሌባ ነው የገባው።

ገንዘብ የለንም የሚለውን ምክንያትም አንርሳ። የሚናገሩና ዓይናቸውን የሚገልጡ ውድ አሻንጉሊቶች በየትምህርት ቤቱ ሊገኙ አይችሉም፤ ተገዝተውም መለዋወጫ አጥተው በካርቶናቸው የቀሩ እንዳሉ እንሰማለን። ነገር ግን ዱ ኩድሬ 4,000 ሴቶችን ያስተማረችው በጨርቅና በጥጥ ነው። የሰፈራችን መምህርትም በብርቱካን ጀምረዋል። የሚያስፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የሚጠብቅና ጊዜ የሚሰጥ መምህር ነው። ጊዜ የሌለው መምህር በወርቅ አሻንጉሊትም አያስተምርም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? እኛ እንደሚመስለን የፍትሑ ሚዛን እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ስሕተት መሸከም የሚገባው ሕመምተኛው አይደለም፤ መምህሩ፣ ትምህርት ቤቱና ጨርቁ ናቸው። ሁለተኛው ስሕተት፣ ማለትም ልምምድ ሁሉ ተደርጎ እንኳ ከሰው ድካም የሚመጣው፣ በሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ያን ለመሸከም ግን ሕመምተኛው አስቀድሞ ሊጠየቅ፣ ተማሪዋም ስሟን ልትናገር፣ አስተማሪዋም ከጎኗ ልትቆም ይገባል። እንዲህ ሲሆን «ተማሪብኝ» የሚለው ቃል ከተጨነቀ አፍ የሚወጣ ሳይሆን በነፃነት የሚሰጥ ስጦታ ይሆናል። ሕመምተኛውም የትምህርት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ መምህር ይሆናል።

እኛም ምእመናን የራሳችን ድርሻ አለን። ታመን በተኛን ጊዜ «ልጄ፣ ተማሪ ነሽ? መምህርሽ የት አሉ?» ብለን በትሕትና መጠየቅ መብታችን ነው፤ ጥያቄውም ልጅቱን ራሷን ይጠብቃታል። ደኅና በሆንን ጊዜ ደግሞ ለመማር የመጣችን ልጅ ክንዳችንን መንሣት አይገባንም፤ ሁላችንም አንድ ቀን በልማደኛ እጅ የምንድነው አንድ ሌላ ሰው አስቀድሞ ክንዱን ስለሰጠ ነውና። በየቁምስናችን ነርስነትና አዋላጅነት የሚማሩ ልጆች አሉን፤ ሲመረቁ ብቻ ሳይሆን ሲማሩም እንጠይቃቸው። ድውያንን ሊጎበኙ የምንልካቸውን ወጣቶችም ከመላካችን በፊት እንዴት እንደሚገቡ፣ ምን እንደሚሉ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ እርስ በርሳቸው እንዲለማመዱ እናድርግ።

እኚያ የቁምስናችን እናት ከዚያ ሕመም ድነው እስከ ፋሲካ አብረውን ቆዩ፤ በኋላም በሰላም ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ያቺ ተማሪ ሁለት ጊዜ ልትጠይቃቸው ቤታቸው ድረስ እንደመጣች ልጆቻቸው ነግረውናል። በሁለተኛው ጊዜ ደማቸውን ልትለካ ስትል «ይፈቅዱልኛል?» ብላ ጠየቀች አሉ። ማን እንዳስተማራት አናውቅም፤ እርሳቸው ግን ሣቅ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉላት።